የጤና መድኔን ወረታ ከብት ገበያ ላይ መረጥኩ

ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ የያዝኩት ኮምፒውተሬን፣ ለአጎቴ የገዛሁትን ጋቢና ሁለት የጤና መድን ማመልከቻዎችን ነበር። ሥራዬ ለውጭ ድርጅቶች ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ኢንተርኔት ካለ የትም ሆኜ እሠራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለስድስት ወር ወደ ናይሮቢና ኪጋሊ ልሄድ ስለሆነ የእናቴን ታላቅ ወንድም፣ አያ ደሴን፣ ፎገራ ድረስ ሄጄ መሰናበት ነበረብኝ። ከሁለቱ መድኖች አንዱን መርጬ የምልክበት ቀን ደግሞ እሑድ ያበቃል።

በእኔ ቤት ምርጫው ያለቀ ነገር ነው። አንደኛው ርካሽ፣ ሁለተኛው ውድ፤ ርካሹን መርጫለሁ። ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቤዋለሁ። ጓደኞቼ እንኳ ቤት ሲከራዩ ውል የሚያስነብቡት እኔን ነው። እጄ ትንሽ የዘገየው አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነበር፦ «የቆየ ሕመም አለብዎ?» ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ግን ሁለት ዓመት አልተነሳብኝም፤ «አለ» ያለ ሰው ደግሞ ዋጋ ይጨመርበታል። በሁለቱም ማመልከቻ ላይ «የለም» ብዬ ሞላሁ። ብልጥ ነኝ ብዬም ደስ አለኝ።

ከባሕር ዳር ወረታ

ከባሕር ዳር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ከታሪፉ በላይ ሃያ ብር ጠየቀ፤ ሁላችንም አጉረመረምን፣ ሁላችንም ከፈልን። ሐሙሲት ላይ ቆሎ ገዛሁ። የጉማራን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ተራራው ወደ ቀኝ ይሸሽና መሬቱ ወለል ይላል። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ አሁን ሩዙ ታጭዶ ክምር በክምር ሆኗል።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት ባሕር ዳር ሽንኩርት ሸጠው የሚመለሱ ነበሩ። ሩቅ አገር ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው፣ «ብትታመሚስ?» አሉኝ።

«የጤና መድን አለኝ» አልኳቸው ኮራ ብዬ።

«እሱማ እኛም አለን። የኛው ከጤና ጣቢያችን ርቀው ሲሄዱ እንደልብ አይሠራም እንጅ። ያንችስ የት የት ይሠራል?»

ውል አንባቢዋ እኔ ስልኬን አውጥቼ የሆስፒታሎቹን ዝርዝር መፈለግ ጀመርኩ። ርካሹ መድን ኪጋሊ ውስጥ የሚሠራው አንድ ሆስፒታል ብቻ ነው። ቆሎዬን ዘግኜ ሰጠኋቸው።

ዓርብ፣ ሩዝ መፈልፈያው ቤት

አያ ደሴ ከሚኖሩበት ቀበሌ ከቁሐር ሚካኤል በጋሪ ሩዝ ጭነው፣ እኔ ሆቴል ይዤ ወዳደርኩባት ወደ ፎገራዋ ከተማ ወረታ መጡ። ጋቢውን ለብሰው መረቁኝ፤ ከዚያ ተያይዘን ወደ መፈልፈያው ቤት ገባን። ማሽኑ ፍሬውን በአንድ በኩል፣ ገለባውን በሌላ በኩል ይተፋል፤ የገለባው ብናኝ ቤቱን ሞልቶታል። ፎቶ ለማንሳት ጠጋ አልኩ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰኝ፣ ቀጥሎ ደረቴ ተቆለፈ።

በአፍ የምስበው መድኃኒቴ አዲስ አበባ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፈራሁ፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ የምሞት መስሎኝ ነበር። አያ ደሴ ሩዛቸውን ጥለው በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ።

«አስም አለብሽ?» አለችኝ ነርሷ።

በተቆራረጠ ትንፋሽ «አዎ፣ ከልጅነቴ» አልኳት። ለመመለስ አፍታ አልፈጀብኝም።

ጭንብሉን አፌ ላይ አድርጋ መድኃኒቱን ሰጠችኝ፤ ትንፋሼ ቀስ እያለ ተመለሰ። መድኃኒቴን ቤት ረስቼው እንደመጣሁ ስትሰማ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንች ጭራሽ መድኃኒቱን ደበቅሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ፣ ከብት ገበያው

በማግስቱ አያ ደሴ ቡሬ የሚሏትን ላማቸውን ሊሸጡ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ገዢው ከአንበሳሜ የመጣ ጎልማሳ ነው። ጥርሷን አየ፣ ጀርባዋን ዳሰሰ፣ ወዲያ ወዲህ አስነዳት። ዋጋ ተቆርጦ እጅ ሊመታቱ ሲሉ አያ ደሴ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ነውሯን ስማ። የግራ ኋለኛ ጡቷ ደረቅ ነው። ስትታለብም ትራገጣለች።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጡቷን አየና ዋጋ ቀነሰ። ትንሽ ተከራከሩ፣ ተስማሙ። ጎረቤታቸው አባ ይመር ዋስ ሆኑ፤ እዚህ ዋስ ያልጠራ ሰው ከብት አይሸጥም። ቡሬ ሄደች።

እኔ ግን ተናደድኩ። «አጎቴ፣ ሳይጠይቅዎት ለምን ነገሩት?»

«ሸሽጌ ብሸጣት በሳምንቱ ጎትቶ ያመጣታል። አባ ይመርንም አሳፍራለሁ። የነገርሁት ነውር ግን ተመልሶ አይመጣብኝም።»

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ማመልከቻው ላይ ምን እንደሞላሁ ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና በሳቅ ፈረሱ።

«እንግዲያ የምትራገጠዋ ላም አንች ነሻ! በሰው አገር ትንፋሽ ሲያጥርሽ ነው ጎትተው የሚመልሱሽ!»

ሳቃቸው ከስድብ በላይ አመመኝ። ትናንት ጤና ጣቢያ ባይኖርስ? ያ ደረት ናይሮቢ ላይ ቢቆለፍ፣ መድኑ መዝገቤን አገላብጦ «ዋሽተሻል» ቢለኝስ?

እሑድ

ጠዋት ከሆቴሌ ለሁለቱም ደወልኩ። የርካሹ ስልክ ሦስት ጊዜ ጠርቶ የሚያነሳው አጣ፤ በእሑድ ብታመም ምን ሊውጠኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ውዱ ጋ አንዲት ሴት አነሳች። አስሜን ተናገርኩ። ከዚያ የገበያውን ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ሆስፒታል ብገባ ዋሴ ማን ነው? ከኪሴ ከፍዬ ነው የምጠብቃችሁ?»

«የዋስትና ደብዳቤ በቀጥታ ለሆስፒታሉ እንልካለን» አለችኝ። የሐኪም ማስረጃ ጠየቀች፣ ዋጋም ጨመረች። ማመልከቻውን አርሜ ዓርብ ጤና ጣቢያው ከሰጠኝ የሕክምና ወረቀት ጋር በዚያው ሰዓት ላክሁላት።

ማክሰኞ ቤቴ ስገባ ውሉ ኢሜይሌ ላይ ደርሶ ነበር። አስሜ በስሙ ተጽፎ፣ «ይሸፈናል» ይላል። ውል ማንበብ እንደምችል ዛሬም እኮራለሁ፤ እኔ የሞላሁትም የውሉ ክፍል መሆኑን ግን ወረታ ነው ያስተማረኝ። መድኃኒቴን ከመሳቢያው አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ለአያ ደሴ ደወልኩ።

«ነውርሽን አውቀው ወሰዱሽ?»

«አውቀው ወሰዱኝ፣ አጎቴ።»

«እንግዲያ አይመልሱሽም። ሂጅ ልጄ፣ በሰላም ያግባሽ።»