ካርድ የሌላት አልቃሽ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ አዳማ ላይ ነው። ዛሬም ሰው «አዲስ አሠራር መጥቷል፣ አሮጌው ቀርቷል» ሲል ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። ወዲያው ደግሞ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እግሬም አንድ ቦታ አያርፍም። ሰው ሲሞት ሙሾ ስለማወርድ ከወንጂ ወለንጪቲ፣ ከወለንጪቲ አዳማ ይጠሩኛል። ማደሪያዬ ዘመድ ቤት ነው።

በቀበሌያችን አንድ ትልቅ መዝገብ ነበር። እንደኔ ቤት የሌለው ሰው እንኳ ከዳር ከዳሩ ይጻፍበታል። አንድ በጋ መዝገቡ ቀረና በካርድ ተተካ። ለቤቱ አንድ ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ካርድ፤ የሚያገናኛቸው የቤት ቁጥር ነው። ጸሐፊው ጓድ ታደለ ወደ ካርድ ሲገለብጥ ቁጥር የሌለንን ዘለለን። ሳያመሳክርም አሮጌውን መዝገብ ለበላይ ቢሮ አስረከበው።

ይህን ያወቅኩት ልጄ ጥሩዬ መተሐራ ሆና የላከችብኝ ጊዜ ነው። መውለጃዋ ደርሷል፣ እግሯ አብጧል፣ «እናቴን አምጡልኝ» ትላለች። ያኔ ደግሞ ቀበሌ የሚሰጠው ይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ከከተማ መውጣት የለም።

«እማማ፣ ካርድዎ የለም» አለኝ ጓድ ታደለ።

«መዝገቡ ላይ አለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«መዝገቡ ተሽሯል። አዲሱ ላይ ከሌሉ፣ የሉም።»

«አዲሱ ጋን ውሃ መያዙ ሳይታይ አሮጌው ይሰበራል?»

ሳቀብኝ። «ስብሰባ አለብኝ፤ በሳምንቱ ይመለሱ» ብሎ በሩን ቆለፈ።

ያለ ይለፍ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ወታደሩ በኦሮምኛ «ሃርሜ ኮ» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው። አዘነልኝ፤ ግን አወረደኝ።

ጥሩዬ በዚያው ሳምንት በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም። ያለ እኔ ቀበሯት። ለሰው ሁሉ የማለቅሰው እኔ፣ ለልጄ አንድ ስንኝ አልወጣልኝ አለ። ቂሜን እንደ እርሾ ከድኜ አስቀመጥኩት።

ክረምት ሲገባ የጓድ ታደለ እናት፣ እትዬ ብርቄ፣ አረፉ። የእድሩ ዳኛ ላኩብኝ። ሄድኩ። ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ የቀበሌው ሹማምንትም ተደርድረዋል። ጓድ ታደለ ራሱ ብድግ አለና «እማማ፣ እናቴን ያልቅሱልኝ» አለኝ።

«ካርድ የለኝም እኮ፣ ልጄ» አልኩት።

እኔ ነጠላዬን አጥብቄ መሀል ገባሁ። ያ እምቢ ያለኝ ስንኝ ያን ጊዜ መጣ፦

*«እማዬ» ስትይኝ፣ በምጥ ተይዘሽ፣*
*እናትሽ ከካርዱ፣ ጠፍታ ቀረችብሽ።*

ለማን እንደማለቅስ ሴቶቹ ገባቸው። ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ጓድ ታደለ ወደ እድሩ ዳኛ ጎንበስ ብሎ «ያስቁሟት እንጂ» ሲል ሰማሁት።

«ሙሾ አይቋረጥም፣ ልጄ። ቁጭ በል» አሉት።

ከኋላ አንዷ ጎረቤቴ «ካርድ የላትም ብለህ አስወጣት እንጂ፣ ጓድ!» አለችው።

እኔ ወደ አስከሬኑ ዞርኩ፦

*እትዬ ብርቄ ሆይ፣ ልጄን ካገኟት፣*
*«ልጄ ነው እናትሽን ያገዳት» ብለው ይንገሯት።*

ድንኳኑ ተናወጠ። በእናቱ ለቅሶ አገር ምድሩ ለኔ ልጅ አለቀሰ። እሱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ለእናቱ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ሠልስቱ እንዳለፈ ካርዴን ራሱ ወደማድርበት ቤት ይዞልኝ መጣ። ይቅርታ አላለኝም። እኔም ግባ አላልኩት፤ በር ላይ ተቀብዬ ዘጋሁ።

«በለቅሶ ቤት ቂም ይወጣል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይወጣል። ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። እትዬ ብርቄን ግን አልጠላቸውም። ደግ ሴት ነበሩ፤ መልእክቴን ሳያደርሱልኝ አይቀሩም።