የደረቀ ማሳ ፎቶ

አባታችን ከሞተ በኋላ ቆቦ ሜዳ ላይ ያለው የመስኖ ማሳ በእኔ እጅ ቀረ። ቲማቲም ነበር የምተክለው።

የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ገና ወጣት ነው። በስልክ አንድ ግሩፕ ከፍቶ ከቆቦ፣ ከጎብዬና ከዋጃ አትክልት የምናመርተውን ሰብስቦ አስገባን። "ያያችሁትን ጻፉ፤ ያልሞከራችሁትን አትምከሩ" አለን። ብዙ ሰው ገባ። ግን ሁሉም የሚለጥፈው ያማረ ሽንኩርትና የቀላ ቲማቲም ብቻ ነበር። የተበላሸበት ሰው ዝም ይላል። እኔም ዝም ከሚሉት ነበርኩ።

አንድ በጋ ማሳዬ ውስጥ ትል ገባ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ዋጃ ላይ የእርሻ መድኃኒት ይሸጣል፤ ከእሱ ገዝቼ ረጨሁ። ሳይውል ሳያድር ቅጠሉ እሳት የበላው መስሎ ደረቀ፤ አበባው ረገፈ። ባለሙያው መጥቶ ጠርሙሱን አገላብጦ አየው።

"ጊዜው ያለፈበት ነው። ግሩፑ ላይ ብንለጥፈው ምን ይመስልሻል?"

"አጎቴ ነው የሸጠልኝ።"

"እንግዲያው አንቺው ወስኚ" ብሎኝ ሄደ።

 ከአጎቴ ሱቅ የሚገዛው ሌላው ገበሬ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። የሻጩን ስም ሳልጠራ የማሳውንና የጠርሙሱን ፎቶ ለጠፍኩ። ከጎብዬ አንድ አባወራ ወዲያው "ወላሂ፣ የእኔም ሽንኩርት በዚሁ ነው የሄደው። አፍሬ ነበር ዝም ያልኩት" ሲሉ ጻፉ።

በማግስቱ አጎቴ እኛ ቤት መጣ። ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ።

"ስሜን አልጠራሽም። ዋጃ ውስጥ ያን ጠርሙስ የሚሸጥ ከእኔ ሌላ ማን አለ?"

"ጊዜው አልፎበታል እኮ፣ አጎቴ።"

"እኔም ያመጡልኝን ነው የምሸጠው። መጀመሪያ መጥተሽ ለእኔ መንገር አቃተሽ?"

 እሱ እንደወጣ እናቴ "አጥፊው፣ ልጄ። ሥጋችን አይደለም ወይ?" አለችኝ።

"ባጠፋው ነገ ገዝቶ የሚረጨውስ ሰው፣ እማ?"

ፊቷን አዞረች። ፎቶውን አላጠፋሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች የተበላሸባቸውንም መለጠፍ ጀመሩ። የተጠቃ ቅጠል፣ የበሰበሰ ሥር፣ "ይሄ ምንድነው?" የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል፤ ያየ ሰው ይመልሳል። ባለሙያው "ግሩፕ የሆነው ገና አሁን ነው" አለኝ፣ ደስ ብሎት። እኔ ግን አብሬው ደስ ሊለኝ አልቻለም። አጎቴ ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያው እንዳወረደ ሰምቻለሁ። እኛ ቤት መምጣቱን ግን ተወ።

ለፋሲካ እናቴ ዋጃ ወንድሟ ዘንድ በሚኒባስ ብቻዋን ሄደች። ነይ አላለችኝም፤ እኔም ልከተልሽ አላልኳትም። ያን ቀን ከጎብዬ አንድ ጥያቄ ስልኬ ላይ ገብቶ ነበር። እስኪመሽ ድረስ አልከፈትኩትም።