ፀሐይ ላይ የቀረው ማሲንቆ

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ማሲንቆ በሰማሁ ቁጥር ላብ ላብ ይለኛል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪ ሲዋሽ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ እያልሁም እመጻደቃለሁ።

አምና በክረምቱ መውጫ፣ ቅዳሜና እሁድን ባህላዊ ሙዚቃ የሚያስተምር ፌስቲቫል ተዘጋጅቶ ነበር። ከክራር፣ ከዋሽንትና ከማሲንቆ እኔ ማሲንቆን መረጥሁ። አስተማሪያችን ከይጁቤ የመጡ ጋሽ አለባቸው የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ሠላሳ የምንሆነውን ተማሪዎች ሁላችንንም "ልጄ" ነው የሚሉን። የእኔን ደጋን አያያዝ አይተው፣ ግንድ እየገዘገዝሽ ነው እንዴ ብለው አሳቁብኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስንገባ የማሲንቋቸው ቆዳ በእርጥበት ላልቶ ድምፁ ታፈነ። እንዲህ ሲሆን ትንሽ ፀሐይ ያሳዩታል፤ ሲበዛበት ግን ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋሽ አለባቸው ደጅ ወንበር ላይ አስደገፉትና፣ ሞቅ ሲለው አስገቢልኝ ብለውኝ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። እኔም እሺ አልሁና ስልኬን አወጣሁ። የተሰጠኝን ማሲንቆ ይዤ ቪዲዮ ስቀረጽ፣ አላምርም ብዬ እንደገና ስቀረጽ፣ የእሳቸው ነገር ከሐሳቤ ወጣ።

ለምሳ ስንወጣ ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ከሰዓት በኋላ በመዝጊያው ላይ ሊጫወቱበት ነበር። ሁሉም ከበበ።

"አስገቡልኝ ብዬ ለአንዳችሁ የነገርሁ መስሎኝ ነበር" አሉ ግንባራቸውን እያሻሹ።

መሬት መሬቱን አየሁ።

"አይ፣ ለካ አልነገርሁም" አሉ ስንጥቁን በጣታቸው እየዳሰሱ። "እርጅና ነው። ረስቼው ነው።"

በትውስት ማሲንቆ ተጫወቱ። በኋላ ቆዳውን እንዳስቀየሩ ስሰማ ነገሩ አለቀ ብዬ ተገላገልሁ። ዘንድሮ ለፌስቲቫሉ ስንመዘገብ ግን ስማቸው የለም። አዘጋጆቹን ብጠይቅ፣ አእምሮዬ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ ማስተማር አልችልም ብለዋል አሉኝ።

በማግስቱ ይጁቤ ሄድሁ። የሚወርድብኝን ሁሉ ልቀበል ቆርጬ ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ከዚያ ከመደቡ ተነሥተው ባለቤታቸውን ከጓሮ ጠሩ።

"ነይ ስሚ። አልረሳሁም ነበር። ልጄ፣ እስቲ ድገሚላት።"

ደገምሁላቸው። ጎረቤት ሲገባም አስደገሙኝ። በደስታ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ አንድ የቁጣ ቃል እንኳ አልወጣቸውም።

ስወጣ ባለቤታቸው ሸኙኝ። ጋሽ አለባቸው ዓመቱን ሙሉ በር መቆለፋቸውን እየተጠራጠሩ ከመንገድ ሲመለሱ እንደከረሙ የነገሩኝ ያኔ ነው። ጋሽ አለባቸው ዘንድሮ ሊያስተምሩ እሺ ብለውኛል። እኔ ግን እፎይ አላልሁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።