ሰው የማይገባበት ጥሻ

ዴልማር ክዮስ ደግ ሰው ነበር የሚለኝ ካለ ቢራውን ጨርሶ ከመሸታ ቤቴ ይውጣልኝ። የሞተ ሰው አይታማም ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ኢርማ በዚህ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ለዴልማርም ዕድሜዬን ሙሉ ስቀዳለት ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ግን አልክድበትም። በእኛ በዊስኮንሲን ኮረብታዎች ላይ መሬትን ለአጋዘን አደን በማሰናዳት እሱን የሚያህል ሰው አልነበረም።

አባቱ የወተት ላሞች ነበሯቸው። ሽማግሌው ከሞቱ በኋላ ዴልማር ላሞቹን ሸጠና መሬቱን ለአጋዘን አደረገው። ላሞቹ ይግጡበት የነበረውን ሜዳ የማገጥ ሣርና አጃ ዘራበት፣ በሸለቆው ዳር ፖም ተከለ፣ ተደብቆ የሚተኩስበት ማማ በየጥጉ አቆመ፣ በየዛፉ ካሜራ አሰረ። በመሬቱ መሐል፣ ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ ደግሞ ጥሻውን አበጀ። ይህ የእኛ አገር ሙያ ነው። በረዶው ሊያልቅ ሲል ዛፉን ደረት በሚያህል ቁመት ላይ በሞተር መጋዝ ይገዘግዙታል፣ ግን አይጨርሱትም። ዛፉ ከጉቶው ሳይላቀቅ ይጋደማል፣ አይሞትም፣ በጸደይ ያቆጠቁጣል። አጋዘኑ ቀንበጡን እየበላ ከሥሩ ይተኛል። ብዙ ዛፍ እንዲህ ሲጋደም እርስ በርሱ ይቆላለፍና ሰው እየዳኸ ካልሆነ የማያልፍበት ጥሻ ይሆናል።

የጥሻው ሕግ አንድ ነበር፤ ሰው አይገባም። ዳር ዳሩን ቀይ ጨርቅ አስሮበታል።

"የሰው ሽታ አንዴ ከገባ፣ ትልቁ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄድብኝ" ይል ነበር።

ትልቁ የሚለው ከግልገልነቱ ጀምሮ በካሜራ ሲከታተለው የኖረውን አንድ ወንድ አጋዘን ነው። ቀንዱ ገና ነው፣ ዘንድሮ አልደረሰም፣ ለከርሞ እያለ ሳይተኩስበት ዓመታት አለፉ። ይህን አጋዘን ጥሎ የአጋዘኑን ጭንቅላት ከነቀንዱ ከግድግዳው ላይ መስቀል፣ ከዚህ ሌላ በሕይወቱ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ፎቶውን በኪስ ቦርሳው ይዞ ይዞራል። የሚስቱን የላቮንን ፎቶ ግን እዚያ ቦርሳ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ሕጉን መጀመሪያ የጣሰው የላቮን ወንድም ኦሪን ነው። ሚስቱ ማሪት ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ዝምተኛ፣ በዴልማር መሬት ላይ በዘመድነት የሚያድን ሰው ነበር። አንድ ቀን ያቆሰላት ሴት አጋዘን እየደማች ጥሻው ውስጥ ገባች። ኦሪን ተከትሏት ገባና ስቃይዋን አሳጠረላት፣ ጎትቶም አወጣት። የአዳኝ ወጉም እንዲሁ ነው። ያቆሰልከውን ትከተላለህ።

የዚያኑ ዕለት፣ መሸታ ቤቴ ዓሣ ጥብስ ሊበላ በመጣ ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ዴልማር መጥቶ ከኦሪን ፊት ቆመ።

"አንተ፣ ማን ግባ አለህ?"

"ቆስላ እኮ ነው ዴልማር። እዚያ ወድቃ ስታጣጥር ልተዋት?"

"ትተዋታለህ እንጂ! ቀበሮ ይብላት! ለአንዲት ሴት አጋዘን ብለህ ልፋቴን ሁሉ ገደል ትከታለህ?"

በእኛ ዘንድ ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጀርባ ይቆረጥና ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይሳቅበታል፣ ይጠጣል፣ ያልፋል። ዴልማር ከባንኮኒዬ ላይ መቀሱን ብድግ አደረገ።

"ኧረ እኔ አልሳትኩም!" አለ ኦሪን። "ሸሚዙን ተው፣ ማሪት ናት የሰፋችው።"

"ማሪት ሞታለች። አትቀየምህም።"

"አንተ አውሬ፣ መቀሴን መልስ!" ብዬ ብዘልም አልደረስኩም። ከአንገት እስከ ወገቡ ተረተረው። ጠጪው ሁሉ ሳቀ፤ ዓይናቸውን ላፈር። ኦሪን ጀርባው እንደተራቆተ ተነስቶ ወጣ። ዳግመኛም እዚያ መሬት ላይ እንዳያድን ተከለከለ።

ቀጥሎ የላቮን ውሻ ናት። ዊኒ የምትባል አሮጊት ውሻ ነበረቻት፤ ልጅ ስላልወለዱ ላቮን የምታወራው ከእሷ ጋር ነበር። ዊኒ ጥንቸል ስታባርር ጥሻው ውስጥ ገባች። ላቮን ቀዩ ጨርቅ ጋ ቆማ ስትጠራት ዴልማር ጠመንጃውን ይዞ ደረሰ።

"ልግባና ላምጣት፤ ደቂቃ አይፈጅብኝም" አለችው።

"አንዱ እግርሽ ከገባ ሌላው ቤቴን አይረግጥም።"

ውሻዋ ጭራዋን እየቆላች ራሷ ወጣች። ዴልማር ውሻዋን ላቮን እግር ሥር ተኩሶ ገደላት። ከዚያም ምን ቢል ጥሩ ነው? ስትቀብሪያት ሽታዋ ወደ ጥሻው እንዳይሄድ በነፋሱ አቅጣጫ ተጠንቀቂ አላት።

ይህን ላቮን እዚሁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ። አንጀቴ እርር አለ።

"ምን አልሽው ታዲያ?"

"እሺ አልኩት።"

"እሺ ብቻ? አንቺ ሴትዮ፣ ደም የለሽም?"

"ምን ልበለው ኢርማ? ሕግ ነው።"

ከዚያ ወዲያ እንደ እሷ ሕግ አክባሪ አልተገኘም። በጥሻው አቅጣጫ ልብስ እንኳን አታሰጣም፣ የሳሙናው ሽታ እንዳይሄድ ብላ። ዴልማር ጓደኞቹ ፊት ገርቻታለሁ እያለ ይኩራራ ነበር፤ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። ፈገግታዋን አልወደድኩትም።

ባለፈው የካቲት ማለቂያ ላይ ዴልማር ዛፍ ሊያጋድም ጥሻው ገባ። ለዚህ ሥራ ብቻ ለራሱ መግባት ይፈቅድ ነበር። ስልኩን እንዳይጮህ ብሎ መኪናው ውስጥ ተወው። ከረፋዱ ጀምሮ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ላቮን ደወለችልኝ። "ዴልማር ትናንት ጥሻ ገብቶ አልወጣም" አለች፣ ወተት አለቀብኝ በምትልበት ድምፅ። ለወንድሟም ለፖሊስም ደውላለች። ስንደርስ ካፖርቷን ለብሳ ቀዩ ጨርቅ ጋ ቆማ ጠበቀችን። ወጣቱ ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት። ኦሪን ግን ጨርቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እኔ አልገባም" አለ።

"ግባ ወንድሜ" አለችው ላቮን። "አሁን ይቻላል።"

ዴልማርን ያገኘነው በጀርባው ተንጋሎ ነው። ሊያጋድመው የነበረው ዛፍ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ፣ ግንዱ ጭኑ ላይ ወድቋል። መጋዙ እጁ የማይደርስበት ቦታ ተወርውሯል። ጓንቱን አውልቆ በረዶውን በጥፍሩ ሲጭር ነው የደረቀው። ጣቶቹን አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ያኔ ነው ከኋላችን ገብቶ የደረሰው ኦሪን ክንዴን የያዘኝ። በዙሪያው ያለው በረዶ በአጋዘን ኮቴ ተረጋግጧል። የወደቀው ዛፍ ጫፍ ቀንበጥ ሳይቀረው ተበልቷል። ከዴልማር ራስ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ በረዶው በገላ ሙቀት ቀልጦ፣ ከሥሩ ቅጠሉ የሚታይ፣ አንድ ትልቅ አጋዘን የተኛበት ጉድጓድ አለ።

"ትልቁ ነው" አለ ኦሪን። "እንዲህ ያለ ኮቴ ሌላ የለውም። እዚህ አጠገቡ ነው ያደረው።"

ዴልማር ያኔ በሕይወት ነበረ ወይስ ሞቷል፣ የሚያውቅ የለም። አዘንኩ ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ ብልም ውሸት ነው።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ፖሊሱ ላቮንን ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀምጦ ይጠይቃት ጀመር። እኔና ኦሪን በሩ ጋ ቆመናል።

"መቼ ነው ችግር እንዳለ ያወቁት ወይዘሮ ላቮን?"

"ከምሳ በኋላ የመጋዙ ድምፅ ሲጠፋብኝ። እስከ ጨርቁ ሄጄ ደህና ነህ ወይ አልኩት። እንዳትገቢ አለኝ።"

"እንዳትገቢ?"

"ዛፉ እግሬን ይዞኛል፣ ራሴ አወጣዋለሁ፣ ትልቁን እዚህ ቅርብ አይቼዋለሁ፣ እንዳታስደነግጪው፣ ተመለሺ አለኝ። ተመለስኩ። ድንች ላጥኩ።"

"ከዚያ በኋላስ? አልጠራዎትም?"

"ጠራኝ።"

"ግቡ ብሎ?"

"ስሜን ጠራ" አለች። ፖሊሱ ኮፍያውን ከጉልበቱ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ላቮን ወደ ወንድሟ ዞረች። "ትልቁስ? ሸሽቷል?"

ኦሪን ምን ልበላት በሚል ዓይን እኔን አየኝ፤ ኋላም ራሱ ነገራት። "አልሸሸም እቴ። እዚያው አጠገቡ ነው ተኝቶ ያደረው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። እጆቿን ልብሷ ላይ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች።

"ሽታውን እያሸተተ?"

"እያሸተተ።"

"እንግዲያው እኔም ብገባ አይሸሽም ነበር ማለት ነው" አለች። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞራ ድምፅዋን ሳትቀይር እንዲህ አለችው። "የጠራኝ አንዴ አይደለም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ግቢ፣ በእናትሽ ግቢ እያለ ለመነኝ። እኔም ጨርቁ ጋ ቆሜ፣ ኧረ ትልቁ ይሸሽብሃል፣ እለው ነበር።"