ሁለት ወር ምን ያደርጋል

ሲስተሯን ሆስፒታሉ በሙሉ «ቆጣሪዋ» ይላታል። ግሉኮስ ሰቅሎ መሄድ አይሆንላትም፤ የእጅ ሰዓቷን ከጠብታው አጠገብ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ሌሎቹ በዓይን ገምተው ሦስት አልጋ ሲያዳርሱ እሷ ገና አንዱ ጋ ናት። ከመስቀሏ በፊት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ የምታውቀውን በሽተኛ ስሙን ትጠይቃለች። አንጀታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው የተኙት ልብስ ሰፊው አባባ በየጠዋቱ፣ «ዛሬም ረሳሽው ልጄ? የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ» ይሏታል። ትስቃለች፤ ስማቸውን ሳይናገሩ ግን ከረጢቱ አይሰቀልም።

ይህ ጠባይዋ ከዳይሬክተሩ ጋር ያጣላት ባለፈው ሳምንት ነው። ከመጋዘን የመጡት ከረጢቶች የአገልግሎት ጊዜያቸው ካለፈ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበርና አልሰቅልም አለች። ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው ሳይወጡ ስለ ዎርዱ ሁሉን የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ውሃና ስኳር ነው፤ ሁለት ወር ምን ያደርጋል?» ብለው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፉላት። ከደገመች አንሶላ ክፍል ትመደባለች፤ መቁጠር ከወደደች አንሶላ ትቁጠር ተባለ።

እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ ደህና ደህናውን ከጎረቤት ዎርድ እየለመነች ለአባባ ስትሰቅል ሰነበተች። ዛሬ ጠዋት የጎረቤትም አለቀ። አባባ በአፋቸው ውሃ እንኳ ገና አልተፈቀደላቸውም፤ የተሰቀለላቸው ደግሞ ቢቆይ እስከ ምሳ ሰዓት ነው።

ተቆጣጣሪዎቹ የመጡት በዚሁ ቀን ነበር። ለሕሙማን ደኅንነት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ለዚህ ሆስፒታል ይገባው እንደሆነ ሊያዩ ነው። ዎርዱ ቀለም ተቀብቷል፤ የአየር አረፋ ሳይወጣ ቱቦ አይገጠምም የሚል ጽሑፍ ፍሬም ገብቶ ተሰቅሏል። ዳይሬክተሩ ፎቶ አንሺ ሲያዩ ልባቸው ሞቀና፣ የግሉኮስ አሰቃቀላችን በእኔው ላይ ይታይ ብለው ኮታቸውን አውልቀው ባዶ አልጋ ላይ ወጡ። በሐሳባቸው ቱቦው ክንዳቸው ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አለቀ። የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ፣ አንዲት ቀጭን ሴትዮ፣ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና መርፌው ሲገባም ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። የዳይሬክተሩ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደረቀ።

ቆጣሪዋ እጇን ታጥባ ቀረበች፤ ሙሉ ስማቸውንም ጠየቀች።

«ስሜ በሩ ላይ ተጽፏል» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«የምወጋው በሩን አይደለም፣ ዶክተር።»

ተናገሩ። ቀጥላ ከረጢቱን አነሣች፤ የመጋዘኑ ነው። ዝም ብላ ብትሰቅለው አንሶላ ክፍል ይቀርላታል። ፈራች። ወዲያኛው አልጋ ላይ ግን የአባባ ከረጢት ተጨምድዶ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እንደ ደንቡ ጮክ ብላ የመድኃኒቱን ዓይነት አነበበች፤ ከዚያም ቀኑን።

«ሁለት ወር አልፎታል፣ ዶክተር። ምን ያደርጋል ብለውኛል። ልስቀለው?»

ዳይሬክተሩ የሰበሰቡትን እጅጌ ወደ ታች ሳቡት። ውሃና ስኳሩ ድንገት መርዝ ሆነ። እኔ ሳላውቅ ይህን ማን አስገባው ብለው ዓይናቸውን በጨው አጥበው የነርሶቹን አለቃ ሜትሮኗን ጠየቁ። አባባ በደረቀ ጉሮሯቸው፣ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው» አሉ። ሴትዮዋ ሰሙ፤ የሰሙትንም ጻፉ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በዳይሬክተሩ መኪና ሁለት ካርቶን አዲስ ግሉኮስ መጣ። እስከዚያ የት እንደነበረ የጠየቀ የለም። ቆጣሪዋ አባባን ስማቸውን ጠይቃ፣ ቀኑን አንብባ፣ ቱቦው ውስጥ የነበረውን አየር አስወጥታ ሰቀለችላቸው።

ከሳምንት በኋላ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ሁለት ወረቀት መጣ። አንደኛው ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ፤ ዳይሬክተሩ ጊዜው ያለፈበትን ከረጢት «ገዛ ሰውነታቸውን ለአደጋ አቅርበው ማጋለጣቸውን» ይመሰክራል። ሁለተኛው ለቆጣሪዋ ነው፤ ማስጠንቀቂያው እንደተነሣላት ይገልጻል። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ቀኑን አየች። ደብዳቤው የተፈረመው ተቆጣጣሪዎቹ ከመምጣታቸው ከሁለት ቀን በፊት ነው ይላል።

አባባ ምን እንደሚያስቃት ጠየቋት። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ሁለት ቀን ምን ያደርጋል፣ አባባ» አለችና ሰዓቷን ከጠብታው አጠገብ ያዘች።