ወደ ግራ የዞረው ሌማት

እትዬ ይታይሽ ስትሞት ከንብረቷ ለእኔ የደረሰኝ ያልተጨረሰ ስፌት ነው። መሃሉ ብቻ የተሰፋ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ አንድ ጎኑ ጠቁሮ አክርማው እንደተንጨባረረ የቀረ። የአጎቴ ልጅ በፌስታል ጠቅልሎ ከጥሊሊ በሚኒባስ አመጣልኝና "ለሙሉ ስጧት ብላ ተናዛለች" ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳቄ ነው የመጣው። ሞታም ሥራ ታዘኛለች! ደግሞ አንቱ አላለቻትም ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ። በሕይወት እያለች በአፌ አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ በሆዴ ግን አንድ ቀን ብያት አላውቅም።

እኩዮቼ የልጅነት ክረምታቸውን ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ትኩስ ድንች በዳጣ እየተበላ... እኔም እኮ ይህ ሁሉ ነበረኝ። ሰኔ ግም ካለ በኋላ እኛ አገር ኮሶበር ላይ ፀሐይ ማየት ዘበት ነው። አባቴ በረንዳው ላይ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫት ይሠራል። እናቴ ድንቹን ከነልጣጩ በብረት ድስት ትጥዳለች። ቤቱ በጭቃ፣ በጭስና ውሃ ውስጥ በተዘፈዘፈ ስንደዶ ሽታ ይሞላል። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ ልጅነቴ ይናፍቀኛል፤ ወዲያው ደግሞ ጥርሴን እነክሳለሁ። ምክንያቱም ከምድጃው ማዶ፣ ምቹው መደብ ላይ፣ እትዬ ይታይሽ ተቀምጣለች።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ ወደ ወንድሟ ቤት ከተመለሰች ወዲህ የቤቱ እመቤት እሷ ሆነች። እናቴ የዳንግላ ከተማ ልጅ ስለሆነች አገውኛ አትሰማም። እትዬም ይህን ስለምታውቅ እናቴን የምታማት በአገውኛ ነው፤ ያውም እዚያው ፊቷ ቁጭ ብላ፣ እሷ የቀቀለችውን ድንች እየላጠች! "ምን አለች?" ትለኛለች እናቴ ቆይታ። "ድንቹ ጣፈጠ አለች" እላታለሁ። ኧረ ወዲያ! አንድ ቀን እንኳ ጣፍጧት አያውቅም። ወይ ጨው አነሰው፣ ወይ ፈራረሰ፣ ወይ ደግሞ "ለከተማ ሴት ድንች መቀቀል ማን ያስተምራት" ነው።

በስፌት ግን፣ የጠላትም ቢሆን እውነት አይካድም፣ ከጥርባ እስከ ጥሊሊ የሚያህላት አልነበረም። እሷ የሰፋችው ሌማት ውሃ ቢጨምሩበት የሚያፈስ አይመስልም። የሰፈሩ ልጃገረዶች ክረምቱን አለላቸውን ይዘው እኛ ቤት ይውሉ ነበር። በአባቴ ዘመዶች ዘንድ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ሴት ልጅ የመጀመሪያ ሌማቷን በክረምት ከጨረሰች፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዳቦ የሚቀርበው በእሷ ሌማት ላይ ነው፤ አባቷም መርቆ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእሷ ይሰጣል። የአጎቶቼ ሴት ልጆች ሁሉ በየተራቸው በዚህ አልፈዋል። ያን ዓመት ተራው የእኔ ነበር። ነገሩ ከእኔ ይልቅ ለእናቴ ይብስ ነበር መሰለኝ፤ ስፌት አታውቅማ። የዳንግላዋ ልጅ ሌማቷን ካቀረበች የእትዬ አፍ ይዘጋል ብላ ተስፋ አድርጋ፣ ውሃ ቅጂ እንኳ ሳትለኝ ከረመች።

ችግሩ እኔ ግራኝ ነኝ። በቀኝ መብላቱንም መጻፉንም በቁንጥጫ አስለምደውኛል። ወስፌ ግን በቀኜ አልያዝ አለኝ። እትዬ ከአሮጌ መቀነቷ ቀድዳ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር ጥፍር አድርጋ ታስረኛለች። እጅሽ ላይ ሰይጣን አለ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የምትለኝ ግን "ይሄ ከእናትሽ የመጣ ነው፤ በእኛ ዘር ግራኝ የለም" ነው። ይህቺን ይህቺን ደግሞ በአማርኛ ነው የምትናገራት፣ እናቴ እንድትሰማ። በቀኝ እጄ የሰፋሁት ዙር ልል ሆኖ ባቄላ ያሾልካል። ትስቅበትና ትፈታዋለች። እሰፋለሁ፣ ትፈታለች። እንዲህ እየተባባልን ሐምሌ አለቀ።

ነሐሴ ላይ ጥሊሊ የሚኖር ዘመዳቸው ሞተና እትዬ ለለቅሶ ሄደች። እሰይ! ሰንብታ እንደምትመጣ ስንሰማ እናቴ ቀጥ ብላ ወደኔ መጣችና እስሬን ፈታችልኝ። "በፈለግሽው እጅ ስፊ ሙሉዬ። እኔ አላየሁም" አለችኝ። ከዚያ በሩ ሥር ድንቿን ይዛ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነው። ግራ እጄ እንደተለቀቀ ጥጃ ፈነጠዘ! ሌላው ሰው ዙሩን የሚነዳው ወደ ቀኝ ሲሆን የእኔ ወደ ግራ ዞረ እንጂ፣ ጥብቅ ብሎ ያማረ ስፌት ነበር። እናቴ የገብስ ቆሎ ትቆላልኛለች፣ ጎመኑን በድንች ትሠራልኛለች፣ በመሃል እየመጣች በጣቷ ዳሰስ አድርጋው ትሄዳለች። ስታንጎራጉር የሰማኋት ያን ሰሞን ነው። ስለ ክረምት ትዝታ አውሪ ካላችሁኝ ያቺው ናት፤ ሌላ የለኝም።

እትዬ በዝናብ በስብሳ ስትመለስ ሌማቴ ከጠርዙ በቀር አልቆ ነበር። ምድጃው ዳር ተቀመጠችና አንስታ አገላበጠችው። እናቴ ድስቱን ትታ ቆመች። እኔ ስድብ ስጠብቅ፣ እትዬ በአውራ ጣቷ ዙሩን ተከትላ እስከ መሃሉ ሄደች። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ "ጠርዙን እኔ ላብጅልሽ" አለችኝ። ወስፌዋን በቀኝ እጇ ይዛ ብትሞክር አልገባ አላት፤ በተቃራኒ ዞሯላ! ገልብጣ ሞከረች፣ አዙራ ሞከረች። ኋላ ላይ፣ ራሷን የረሳች ይመስል፣ ወስፌውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። ቀጭ ቀጭ አድርጋ ስትሰፋው ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ከእኔም ከማንም ያማረ ነበር።

"ይኸው ሆነልዎት እትዬ!" አልኳት በደስታ።

ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ የገዛ እጇን አየች። ፊቷ ልክ በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆነ። ሌማቴን እሳቱ ውስጥ ወረወረችው።

እናቴ ባዶ እጇን ከፍሙ ውስጥ ሰዳ አወጣችው። እሷ ስታወጣው ግማሹ ነዷል። ሥጋዋ ሲጠበስ ሸቶኛል፤ ያንን ሽታ ከዚያ ሁሉ የድንችና የስንደዶ ሽታ መሃል ለይቼ ማውጣት እስከ ዛሬ አልቻልኩም። በዚያች ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት "እትዬ! ለልጄ ግራ እጇን የሰጣት እግዜር ነው። እርስዎ ማን ነዎት?" ብላ ጮኸች። እትዬ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አለችኝ እናቴ፣ እጇን በቀሚሷ ጠቅልላ።

"ድንቹ አረረ አለች" አልኳት። ድንቹ እውነትም እያረረ ነበር።

የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት እናቴ በአንድ እጇ ያቦካችውን ድፎ በማንም ሌማት ላይ አላስቀምጥም ብላ ድርቅ አለች። እትዬ ያንን ባለ አለላ ትልቁን ሌማቷን አቅርባ ነበር፤ እናቴ እንዳላየች አልፋው ዳቦውን በኮባ ቅጠል ላይ አኖረችው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቆረሰ። ምርቃት ይሉት ነገር አልነበረም። እትዬ መስከረም ሳይጋመስ ጓዟን ጠቅልላ ጥሊሊ ሌላው ወንድሟ ዘንድ ገባች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ወስፌ በእጄ አልነካሁም።

አሁን ወደዚያች ባለ ፌስታል ስፌት ልመለስ። ለሌማት ቢሆን ገበያው በፕላስቲክ ተጥለቅልቋል፣ ምን ቆርጦኝ እሰፋለሁ ብዬ ልጥላት ከደጅ ወጣሁ። ዝናቡ መለሰኝ። ቁጭ ብዬ ሳገላብጣት አውራ ጣቴ ሳላዘው ዙሩን ተከትሎ ሄደ። ወደ ግራ። ከመሃሏ ጀምሮ ወደ ግራ የዞረች የሕፃን እጅ ሥራ ናት፤ የእኔ ግን አይደለችም፣ የእትዬ የልጅነቷ ናት፤ የጠቆረው ጎኗም እሳት የበላው ነው፣ ራሷ ሳታወጣት አትቀርም። ያን ቀን ግድግዳውን እያየች ያለችው ነገር ትርጉሙ ያኔ ነው የገባኝ። በአገውኛ ያለችው "የእኔን ማን ከእሳት አወጣልኝ?" ነበር።

ለእናቴ ስነግራት፣ ያንን ተጨማዶ የዳነ እጇን አገጯ ላይ አደረገችና "ምስኪን" አለች። ምስኪን ብሎ ነገር የለም! ጮህኩባት፣ በዚህ ዕድሜዬ። ያላወቀ ቢያጠፋ እሺ፤ ሕመሙን የቀመሰች ሴት ዞራ ለልጅ ታቀምሳለች? እኔ እሷን ብሆን እጄን እንደዚያ ያስለመዱኝን ነበር የማቃጥላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጣሁ። ልጄ ኔትወርክ ጠፋ ብላ ብትነጫነጭ በእሷም ላይ ወረድኩ። በአራተኛው ቀን ባጃጅ ይዤ ገበያ ወጣሁና ስንደዶ፣ አክርማና ወስፌ ገዝቼ ተመለስኩ።

ከዚህ እስከ ዳንግላ ያንን ዙር ሊቀጥል የሚችል እጅ የት ይገኛል? ቀኝ እጅ አይገባበትም። ክረምቱን በሙሉ ከጠቆረው ጫፍ ጀምሬ፣ እየተሳደብኩም እያለቀስኩም፣ ዙር በዙር ላይ ጨመርኩ። ይቅር ብያት እንዳይመስላችሁ። ስፌት ተጀምሮ ሲቀር ደስ አይለኝም፣ በቃ።

ዘንድሮ ቅዱስ ዮሐንስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። የዱሮው ቤት ፈርሷል፣ አባቴም የለም፣ ሸምግላ እኔ ዘንድ ያለችው እናቴ ናት። ድፎውን ሌማቱ ላይ ሳስቀምጠው ልጄ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። እናቴ ጠርዙን ዳሰስ አደረገችው፣ መረቀችኝ፣ ከዚያ ዳቦውን ቆርሳ የመጀመሪያውን ቁራሽ ዘረጋችልኝ። እንዳስለመዱኝ ቀኝ እጄን ሰደድኩ።

እናቴ ዳቦውን ወደ ራሷ መለስ አደረገችው።

"በዚያኛው" አለችኝ።