አራት፣ ስድስት፣ ስምንትና አንድ ባና

ሞተር ማዳመጥ ያስተማሩኝ ሰው ቀድሞ ደብተራ ነበሩ። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓለም ከተማ በነበረችው ጋራዣቸው ስቀጠር ሾፌሩም ነጋዴውም «የኔታ» ይላቸው ነበር። ካቻቪቴ ቢይዙም አፋቸው ከማኅሌት አልወጣም።

«አራት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ሲቆም ችኩል ነው» ይሉ ነበር። «ይንቀጠቀጣል። ጀማ ወንዝ ወርደህ ሽቅብ ስትመለስ ካላስጮህከው አይወጣልህም። ስድስቱ በአንድ ረድፍ ሲሆን ግን አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ ይሸከማል። ኮፈኑ ላይ ውሃ በብርጭቆ ብታስቀምጥ አይፈስም። ጭነቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይወጣል።» ስምንቱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይፈካል። አራቱ ወደ ቀኝ፣ አራቱ ወደ ግራ አዘንብለው አንድ ዘንግ የሚያዞሩበትን ሞተር ነበር የሚወዱት። «ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚቀባበሉበት ማኅሌት ነው። ጉልበቱን ለማሳየት አይቸኩልም። ሆዱ ግን የደብተራ ሆድ ነው፣ ቤንዚን አይጠግብም።»

ይህን ሲሉ እወዳቸው ነበር። የምጠላቸው ስሳሳት ነበር። «የአንተ ጆሮ ለጉትቻ እንኳ አይሆንም» ይሉኛል፣ ያውም በሾፌር ፊት። ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳቀብኝ። ቂም ይዤ ነበር፣ አልዋሽም።

በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት ሾፌሮች አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ባለ አራት፣ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሦስት መኪናዎች የፊት ጎማቸውን በአንድ ረጅም ሳንቃ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። የኔታ ጫማቸውን አውልቀው ሳንቃው ላይ ይወጣሉ፣ እኔ ዓይናቸውን በነጠላ አስራለሁ። አንዱ ሞተር ሲነሳ ትከሻቸውን መታ አደርጋለሁ፣ እሳቸውም የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። ተሳስተው አያውቁም። ሾፌሩ ሁሉ መኪናውን የሚያመጣላቸው ያንን ጆሮ አምኖ ነው። ጫማ የሚያወልቁት በቤተ ክርስቲያን ልማድ ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ከጀርባቸው መዶሻ ወደቀብኝ። አልዞሩም። ጠራኋቸው፣ ዝም። ከዚያ ወዲህ ተከታተልኳቸው። ሰው ሲያናግራቸው ከንፈሩን ያያሉ። ሞተር ሲመረምሩ ባዶ እግራቸውን ጎማው ሥር ባለ እንጨት ላይ ይተክላሉ። ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ሞተሩን የሚለዩት በውስጥ እግራቸው ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ለፋሲካ አስቀመጥኩት።

በዚያ ዓመት ከገበያ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና ገዛሁ። አራት እጥፍ አድርጌ ሳንቃው ላይ አነጠፍኩና ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ «የኔታ፣ እንጨቱ ይቀዘቅዝዎታል፣ እዚህ ላይ ይቁሙ» አልኳቸው።

ባናውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሾፌሮቹ «እሰይ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» እያሉ መረቁኝ። በአክብሮት የተነጠፈን መግፋት በእኛ አገር ነውር ነው፤ ነውር ደግሞ የኔታ አይሠሩም። ወጡበት።

ዓይናቸውን አሰርኩ። ለሾፌሮቹ ማንም ሞተር እንዳያስነሳ በእጄ ምልክት ሰጠሁና ትከሻቸውን መታ አደረግሁ።

የእግር ጣቶቻቸው ባናው ላይ ንዝረት ፍለጋ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። በመጨረሻ ፈገግ አሉ።

«ስምንቱ ነው» አሉ። «ስሙት፣ ቀኝ ጌታው ሲያነሳ ግራ ጌታው ይቀበለዋል።» እጃቸውን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ማኅሌቱን መሩ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ሳቁን አልሰሙም። እጃቸውን እያወዛወዙ ስለ ስምንቱ ማስረዳት ቀጠሉ፣ እኔም ቶሎ አልፈታኋቸውም። ደስ ብሎኝ ነበር። ነጠላውን ስፈታ የተከፈቱትን አፎች ሁሉ አዩ። ወርደው የስምንቱን ኮፈን ነኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

ባናውን አንስተው አራገፉ፣ አጣጥፈውም ትከሻዬ ላይ አኖሩልኝ። «ወፍራም ነው» አሉ። «ደህና አድርገህ መርጠሃል።» ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ፣ ወደ ጋራዡም አልተመለሱም።

መኪናው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። የፈለግሁትም ይኸንኑ ነበር። ጆሮዬ ግን ዛሬም ለጉትቻ አይሆንም። ሞተር ሲቸግረኝ ሰው አለመኖሩን አያለሁ፣ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ሳንቃው ላይ እቆማለሁ።